ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ የገባውን ገመድ እዩ

ባለፈው ገና የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ለእናቱ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው ራውተር ነው፤ ሞደሙ አብሮት የተሠራ፣ ከ200 ዶላር በላይ የወጣበት። አክስቴ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር ነው፤ ኤዲኤስኤል የሚባለው። ማታ ማታ የልጅ ልጆቿን በቪዲዮ ስታነጋግር ምስሉ ይቆምባታል። ልጇ ይህን ሲሰማ ከርሞ ነው ያንን የሚያህል ዕቃ ተሸክሞ የመጣው።

ካርቶኑን ከፍተን ዕቃውን ገልበጥ ስናደርገው ከጀርባው የስልክ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አጣንበት። ያለው ዙሪያውን የብሎን ጥርስ የወጣለት፣ መሀሉ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ብረት ነው። «ይሄማ የዲሽ ገመድ የሚታሰርበት ነው» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው፤ መልኩ አንድ ነው። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ነቅለን አሰርንለት። ገጠመ። መብራቱም በራ። ኢንተርኔት ግን አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር።

ዕቃው ምንም ብልሽት አልነበረበትም። የተሠራው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ለሚመጣ ኢንተርኔት ነው። እኛ ጋ ቴሌቪዥን ከሰማይ በዲሽ ይወርዳል እንጂ በየመንገዱ ተዘርግቶ ቤት ለቤት የገባ የኬብል መስመር ስለሌለ፣ ያንን ክብ ቀዳዳ ከወዲያ ማዶ የሚያነጋግረው የለም። ስለዚህ የዋይፋዩ ፍጥነት፣ የአንቴናው ብዛት፣ የዕቃው ስም ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ይቅደም፤ ቤታችሁ የገባው ገመድ ምን ዓይነት ነው?

ሞደም ሌላ፣ ራውተር ሌላ

ሰው «ራውተር» ሲል ብዙ ጊዜ ሁለት ዕቃ በአንድ ስም እየጠራ ነው። አንደኛው ሞደም ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ቋንቋ የሚያውቀው እሱ ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ነው፤ ሞደሙ የተቀበለውን ለስልኩም፣ ለላፕቶፑም፣ ለቴሌቪዥኑም የሚያከፋፍለው። በውሃ ብናስበው ሞደሙ የመንገዱ ቧንቧ ግቢ የሚገባበት ቆጣሪ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ ከዚያ ወደ ወጥ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደው መስመር ነው። የቤቱን ቧንቧ የቱንም ያህል ብታሰፉት ከመንገድ የሚመጣው ቀጭን ከሆነ ውሃው አይጨምርም። የ10 ሜጋ ጥቅል ያለው ሰው የዓለምን ምርጥ ራውተር ቢገዛ ከ10 ሜጋ አያልፍም። መጥፎ ራውተር ግን ከዚያ ከ10ሩ መኝታ ቤት የሚያደርሰው 2 ወይም 3 ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ራውተር ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው።

«ሜጋ» ካልን አይቀር፣ ጥቅሉ ላይ ያለው ሜጋቢት ነው፤ ፋይል ስናወርድ የምናየው ደግሞ ሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በ10 ሜጋ መስመር በሴኮንድ የሚወርደው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። «ተታለልኩ» ከሚለው ሰው ብዙው ያልተታለለ፣ ይህን ያልነገሩት ሰው ነው።

ገመዶቹ በዓይን ይለያሉ። የኤዲኤስኤሉ የስልክ ገመድ ነው፤ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ግልጽ ፕላስቲክ ያለው፣ ሥራ የሚሠሩት ሁለት ሽቦዎቹ ብቻ። የኬብሉ ወፍራምና ክብ ሆኖ ተጠምዝዞ የሚታሰር ነው። ፋይበር ውስጡ እንደ ጸጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ የሚገባውም አገልግሎት ሰጪው ራሱ በሚያስቀምጠው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ከዚያ ሳጥን የሚወጣው ባለ ስምንት ሽቦ የኔትወርክ ገመድ ነው፤ ጫፉ የስልኩን ቢመስልም ሰፋ ይላል።

ገበያ ላይም ዕቃዎቹ እንደዚሁ ይለያያሉ። «ኤዲኤስኤል ሞደም ራውተር» የተባለው ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ የስልክ ገመድ ይገባዋል። ዝም ብሎ «ዋይፋይ ራውተር» የተባለው ሞደም የለውም፤ የሚገባው ሰፊው የኔትወርክ ገመድ ብቻ ነው። መርካቶም ሆነ ቦሌ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርድረው መልካቸው አንድ ስለሆነ ካርቶኑን ሳይሆን የዕቃውን ጀርባ አሳዩኝ በሉ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ ለየብቻ ግዟቸው። ሞደሙ የተሰጣችሁ ወይም ርካሹ ይሁን፤ መስመሩን ከመቀበል ሌላ ሥራ አትስጡት። ገንዘባችሁን ራውተሩ ላይ አውጡ። ምክንያቱም የስልክ ሽቦው በየሰፈሩ በፋይበር እየተተካ ነው። ፋይበር በገባ ቀን ኤዲኤስኤል የሚለው ዕቃ፣ ዋይፋዩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ግማሽ አካሉ ሥራ ያጣል። ለብቻው የተገዛው ራውተር ግን ከድሮው ሞደም ተነቅሎ አዲሱ ሳጥን ላይ ይሰካና ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱን ስታገናኙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሁለቱም የማከፋፈል ሥራ ልሥራ ካሉ አንዳንድ ጨዋታዎችና የስብሰባ መተግበሪያዎች ይቸገራሉ። ወይ ሞደሙን «ብሪጅ» አድርጉት፣ መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ፤ ወይ አዲሱን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ላይ አስቀምጡት፣ ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ። ብሪጅ ከሆነ የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ራውተሩ ላይ መሙላት ግድ ነው፤ ሞደሙን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀቱ የት እንዳለ ፈልጉ።

የአክስቴ መስመር

ኤዲኤስኤል ከስልክ ድምፅ በላይ ባለው የሽቦው ቦታ ላይ ነው የሚጓዘው። ለዚህ ነው ከስልኩ ፊት ትንሿ ስፕሊተር የምትደረገው፤ ድምፁን ወደ ስልኩ፣ ኢንተርኔቱን ወደ ሞደሙ ትለያለች። ስልክ በተነሣ ቁጥር ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ይህቺ ዕቃ ወይ የለችም፣ ወይ ተበላሽታለች፣ ወይ ለሁለተኛው ስልክ አልተደረገለትም።

ሽቦው ከቴሌ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው ዓይነት በወረቀት እስከ 24 ሜጋቢት ያወርዳል፤ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ቤት ግን 2 ወይም 3 ማግኘትም ሊቸግር ይችላል። ይህን የሚያስተካክል ራውተር የለም። መስመራችሁ እንዴት እንደሆነ ግን ሞደሙ ራሱ ይነግራችኋል። የሞደሙን ገጽ በኮምፒውተር ክፈቱ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከሥሩ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የዲኤስኤል ሁኔታ በሚለው ገጽ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ። አንዱ «አቴንዌሽን» ነው፤ ሲግናሉ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይናገራል። ከ30 ዴሲቤል በታች ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ 60 ከደረሰ መስመሩ ሩቅ ነው። ሌላው የ«ኤስኤንአር ማርጂን» ነው፤ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ያሳያል። ከ6 ሲወርድ መስመሩ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል።

የአክስቴ ቤት ሞደም 5 ይል ነበር። ገመዱን ከሞደሙ ጀምረን ተከትለን ወጣን። ሳሎን ደህና ነው፣ በረንዳው ደህና ነው፤ የግቢው በር አናት ላይ፣ ቆርቆሮው አጥር ላይ ሽቦው ተቆርጦ በእጅ ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። ፕላስተሩ ፀሐይ በልቶት ተላቋል፤ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። መቼ እንደተቆረጠ ማንም አያስታውስም። ቴክኒሺያን ጠርተን ያቺ መገጣጠሚያ እንደገና ተሠራች፤ ቁጥሩ 11 ሆነ። አንድ ሳንቲም ለራውተር ሳይወጣ ነው ይህ የሆነው።

ምስሉ ግን ማታ ማታ አሁንም ይቆም ነበር። ኤዲኤስኤል ስሙ እንደሚለው እኩል ያልሆነ መስመር ነው፤ ለማውረድ ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ። ለመላክ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋቢት አይዘልም። ማታ ሁሉም ከሥራ ሲገባ ስልኮቹ ዋይፋይ አገኘን ብለው የዋሉበትን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ደመና ማከማቻ መላክ ይጀምራሉ። ያቺ ጠባብ መውጫ ትሞላለች፤ የአክስቴ ፊትና ድምፅ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። የሚገርመው ማውረዱም አብሮ ይታመማል፤ የሚወርደው ነገር ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል መልስ በዚያችው ጠባብ በር መላክ ስላለበት። በየስልኩ ላይ ፎቶ መላኩን ሌሊት እንዲሆን አስተካከልነው፤ ጥሪው ጸዳ።

እዚህ ላይ ነው ራውተር ዝግ ያለ መስመርን በእውነት ሊረዳ የሚችለው። «ኪውኦኤስ» የሚባል ቅድሚያ መስጫ ያለው ራውተር ለቪዲዮ ጥሪ መንገድ ይለቃል፤ ፎቶ የሚልከውን ስልክ ያዘገየዋል። መስመራችሁ 5 ወይም 10 ሜጋ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው የሺዎች ፍጥነት ይልቅ ይህን ጠይቁ።

ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

«ኤሲ1200» ማለት 1200 ሜጋ ታገኛላችሁ ማለት አይደለም። ዋይፋይ የሚጓዝባቸው የሬዲዮ ሞገዶች፣ ባንድ የሚባሉት፣ ሁለት ናቸው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867፣ ሁለቱ ተደምረው ወደ ላይ ተጠጋግተው ነው። አንድ ስልክ ደግሞ በአንድ ጊዜ በአብዛኛው አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ያም ቁጥር የላብራቶሪ ከፍታ ነው፣ ቤት ውስጥ ግማሹን ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ፊደሉ ግን ትርጉም አለው። የዋይፋይ ትውልዶች ስማቸው ሲያደናግር ስለኖረ ከ2018 ጀምሮ በቁጥር ተጠርተዋል። ዋይፋይ 4 በ2009 የጸደቀው፣ «ኤን» የሚባለው ነው። ዋይፋይ 5 «ኤሲ»፣ ዋይፋይ 6 «ኤኤክስ» ነው፤ በ2024 ዋይፋይ 7 ተከተለ። ለብዙ ቤት ዋይፋይ 6 ይበቃል፤ ትልቁ ጥቅሙ ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ሥርዓት ማስያዙ ነው። ገንዘብ ካጠረ ዋይፋይ 5 ላይ መቆም ምንም አይደለም። ለዋይፋይ 7 ዛሬ መክፈል ግን፣ 20 ሜጋ መስመር ላለው ቤት፣ ብክነት ነው እላለሁ።

የማልደራደረው ባለ ሁለት ባንድ መሆኑን ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይሻገራል፤ ግን ጠባብ ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልካችሁን ከፍታችሁ የጎረቤት ዋይፋይ ብትቆጥሩ ሃያና ሠላሳ ታገኛላችሁ፤ ሁሉም በእነዚያ ሦስት መንገዶች ላይ ይጋፋሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃና ብሉቱዝም እዚያው ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ጭር ያለ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሁለት ግድግዳ በኋላ ይዝላል።

ግድግዳ ሲነሣ፣ በእንግሊዝኛ የምታነቧቸው የራውተር ግምገማዎች የተጻፉት አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ቤት ተለክቶ ነው። የዚያ አገር ቤት ውስጥ ለውስጡ እንጨትና ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። እኛ ጋ ብሎኬት፣ ኮንክሪት ምሰሶ፣ ብረት የሞላው ሶሌታ ነው። «ቤቱን ሁሉ ሸፈነ» የተባለለት ዕቃ እዚህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ቆርቆሮ ደግሞ ሲግናልን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ ውሃ የሞላው ሮቶ ይውጠዋል። ቆርቆሮ ለበስ የሆነ ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት ራውተር ምንም የማያገኘው ለዚህ ነው፤ ስድስት አንቴና ያለው ብትገዙም ለውጡ ትንሽ ነው። የኃይሉ መጠን በሕግ የተገደበ ነውና አንቴና መብዛቱ ጉልበት አይጨምርም።

ለሰርቪስ ቤቱ መፍትሔው ገመድ ነው። አንድ የኔትወርክ ገመድ በግቢው በኩል ሳቡ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ጫፉ ላይ የተጣለ አሮጌ ራውተር አድርጉ፤ የአድራሻ እደላውን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አጥፉበት፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው የተለየ አድርጉ፣ ገመዱንም «ላን» ከሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ከሆኑት ቀዳዳዎች በአንዱ ስኩት። «ሪፒተር» የሚባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በአንዱ ባንድ እየተቀበለ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርገዋል። ሜሽ የሚባሉት፣ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩት ጥንድ ዕቃዎች ይሻላሉ፤ ለፎቅ ቤት ገመድ መሳብ ካልተቻለ ሜሽ ነው።

ያለውን ራውተር የምታስቀምጡበትም ቦታ ከዕቃው ያላነሰ ነው። አክስቴ ከቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ ነበር ያኖረችው፤ አቧራ እንዳይነካው ብላ። አውጥተን ቡፌው አናት ላይ ስናደርገው መኝታ ቤቷ 5 ጊጋኸርዝ ገባ።

አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ፤ የገመድ ቀዳዳዎቹ ፍጥነት። የቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 እና አርቸር ሲ6 ሁለቱም «ኤሲ1200» ናቸው። የሲ50 ቀዳዳ ግን 100 ሜጋ ላይ ይቆማል፣ የሲ6 1000 ድረስ ይሄዳል። ለኤዲኤስኤል ልዩነት የለውም። ፋይበር አስገብቶ ከ100 በላይ ለሚከፍል ሰው ግን ሲ50 የከፈለውን ደጅ ላይ ያስቀርበታል። «ጊጋቢት» የሚለውን ቃል ፈልጉ።

ቁልፍና መብራት

ደኅንነቱን ባጭሩ፤ ከዋይፋይ መቆለፊያዎቹ «ደብልዩፒኤ 3» ያለውን ምረጡ፣ ከሌለ «ደብልዩፒኤ 2»። «ደብልዩኢፒ» የሚለው ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ቁልፍ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያገናኘውን «ደብልዩፒኤስ» አጥፉት። ከሁሉ በላይ የራውተሩን የራሱን መግቢያ፣ ብዙ ጊዜ «አድሚን» የሚለውን ፓስዎርድ፣ በመጀመሪያው ቀን ለውጡ። በ2016 «ሚራይ» የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ፋብሪካው ያወጣላቸውን ፓስዎርድ እየሞከረ ነው። እንግዳ የሚበዛበት ቤት «የእንግዳ ዋይፋይ» ያለው ራውተር ይግዛ፤ ፓስዎርዱን ለጎረቤት መስጠት ደግ ነገር ነው፣ የቤቱን ኮምፒውተር አብሮ ሳይከፍቱ ግን።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ ይቆማል። ስልኩ ጉልበቱን ከማዕከሉ በሽቦው ያገኛል፤ ሞደምና ራውተር ከሶኬት። ለዚህ ለራውተር ተብላ የተሠራች ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የምታቆይ ባትሪ፣ አለች። ከመግዛታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብቡ፦ «12 ቮልት፣ 1 አምፔር» ከሆነ ዩፒኤሷም 12 ቮልት ትስጥ፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። 9 ቮልት የሚፈልገውን 12 ላይ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃም ከሆነ አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ካላያችሁ 220 ሶኬት ላይ አትሰኩት።

ያ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው ዕቃ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ኬብል የእናንተ ጉዳይ ነው። የኬብል ኩባንያዎቹ የኮምካስትም ሆነ የኮክስ ደንበኛ ሞደም መከራየት ይችላል፤ የራሱንም መግዛት ይችላል። ኪራዩ በወር 15 ዶላር ከሆነ በሁለት ዓመት 360 ዶላር ነው። በራሱ ዕቃ የሚጠቀምን ደንበኛ ኪራይ ማስከፈል ደግሞ በ2019 በወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ተከልክሏል። ቢላችሁን አገላብጣችሁ ተመልከቱ። ስትገዙ በኬብል ሞደም ደረጃው «ዶክሲስ 3.1» የሆነውን ምረጡ፤ ከመክፈላችሁም በፊት ሞዴሉ ኩባንያው በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን መስመሩ ላይ ላይመዘግቡት ይችላሉና። ከዚያ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ «ማክ አድራሻ» የሚባለውን፣ በስልክ ወይም በመተግበሪያቸው ታስመዘግባላችሁ። የተከራያችሁትን ስትመልሱ ደረሰኝ ተቀበሉ።

የአክስቴ ልጅ ካርቶኑን ይዞ ተመለሰ። አፓርታማው ግድግዳ ላይ ካለው ክብ ቀዳዳ ጋር አሰረው፣ አስመዘገበው፣ የተከራየውን መለሰ። ባለፈው እሑድ ከእናቱ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እሷ ቡፌው አጠገብ ተቀምጣ፣ እሱ በዚያ ራውተር።